ቤንዚን ድሮ እውነት ርካሽ ነበር?

ሁሌ_ጠያቂ፦
ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። አባቴ የቤንዚን ዋጋ በተነሳ ቁጥር አንድ የማይቀር አባባል አለው። «በኛ ጊዜ ሰልባትዮ ሞልተን ኪሳችን አይጎድልም ነበር» ይላል፣ ሰልባትዮ የሚለው የመኪናውን የነዳጅ ጋን ነው። ነገሩ ስለከነከነኝ ሰሞኑን የቆዩ ዋጋዎችን ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ለረጅም ዓመት ሳይቋረጥ ተመዝግቦ የማገኘው የአሜሪካ ዋጋ ስለሆነ እሱን ይዣለሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ዋጋው የአንድ ጋሎን ነው፣ ጋሎን ማለት 3.8 ሊትር ገደማ ነው።

በ1950 27 ሳንቲም ነበር። በ1970 36 ሳንቲም ደረሰ። በ1981 1 ዶላር ከ38 ሳንቲም ሆነ። በ1998 ደግሞ 1 ዶላር ከ6 ሳንቲም። በሐምሌ 2008 4 ዶላር ከ11 ሳንቲም። በሰኔ 2022 5 ዶላር ሞላ።

በዚህ ካየነው አባቴ አልተሳሳተም። ግን እዚህ መሃል አንድ ግራ የገባኝ ነገር አለ። ከ1981 እስከ 1998 አሥራ ሰባት ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሌላው ነገር ሲወደድ ቤንዚኑ እንዴት ረከሰ? የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ። ለአባቴ መልስ ይዤ መሄድ አለብኝ።

ካልኩሌተር፦
መጀመሪያ ቁጥሮቹን አንድ ቋንቋ እናናግራቸው። የ1970 ሳንቲምና የ2022 ሳንቲም ስማቸው እንጂ ጉልበታቸው አንድ አይደለም። የገንዘቡን የመግዛት አቅም አስተካክዬ ሁሉንም ወደ 2022 ዶላር ለወጥኳቸው። ስሌቱ ግምታዊ ነው፣ ግን አቅጣጫውን አይስትም።

የ1970ዋ 36 ሳንቲም 2 ዶላር ከ70 ገደማ ትሆናለች። የ1981ዱ 1.38 ወደ 4 ዶላር ከ40 ይጠጋል። የ1998ቱ 1.06 ግን 1 ዶላር ከ90 ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከሁሉ የረከሰው የ1970ው አይደለም፣ የ1998ቱ ነው።

ከዚህ የባሰ ላምጣ። በ1918 ጋሎኑ 25 ሳንቲም ነበር። ወደ 2022 ሲመነዘር 5 ዶላር ሊሞላ ምንም አይቀረው።

አሁን ደግሞ የሐምሌ 2008ን 4.11 ውሰዱ። በ2022 ገንዘብ ወደ 5 ዶላር ተኩል ነው። በሰኔ 2022 ዜናው ሁሉ «በታሪክ ከፍተኛው ዋጋ» ሲል ነበር። በማደያው ሰሌዳ ላይ አዎ። በገንዘብ ጉልበት ግን የ2008ቱ ይበልጣል።

ሳቂታዋ፦
1918 ላይ 5 ዶላር? ያኔ መኪና የነበረው ሰው ፈረሱን በመሸጡ ተጸጽቶ ይሆናል 😂

የማጣሪያ_ልጅ፦
ሳቂታዋ፣ ቀልድሽ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። የ1918ን ጉዳይ እኔ ልንገራችሁ፣ ሥራዬም ማጣሪያ ውስጥ ስለሆነ ነገሩ ይጥመኛል።

መኪና ከመምጣቱ በፊት ሰው ከድፍድፍ ነዳጅ የሚፈልገው ለመብራት የሚሆነውን ላምባ ነበር። ቤንዚን ትርፍራፊ ነበር፣ የሚደፉት ሁሉ ነበሩ። ከዚያ መኪና በዛና ነገሩ ተገለበጠ። ችግሩ ድፍድፉን ዝም ብለህ ስታፈላው የሚወጣው ቤንዚን ትንሽ መሆኑ ነው። በ1913 ዊልያም በርተን የተባለ ኬሚስት ከባዱን ዘይት በሙቀትና በግፊት ሰባብሮ ተጨማሪ ቤንዚን የሚያወጣበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። ከአንድ በርሜል የሚገኘው ቤንዚን እጥፍ ያህል ሆነ። ያም ሆኖ ማጣሪያዎች ቶሎ አልደረሱም፣ መኪናው ቀደማቸው። በላዩ ላይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተጨመረበት።

በኋላ ዘዴው ተስፋፋ። በ1930 ደግሞ ምሥራቅ ቴክሳስ ላይ ግዙፍ የነዳጅ ጉድጓድ ተገኘ። ድፍድፉ ገበያውን አጥለቀለቀው። በዚያ ላይ የኢኮኖሚ ድቀቱ መጣ። በ1931 ጋሎኑ 17 ሳንቲም ገባ። እንግዲህ የዋጋው መዋዠቅ ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ሁሌ_ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። ግን አባቴ በ1918 አልነበረም 😀 እሱ የሚያወራው ስለ ስድሳዎቹና ሰባዎቹ ነው። ያኔ ምን ነበር ያረጋጋው?

የቦቴ_ሰው፦
ልጄ፣ በዚህ እኔ ልግባበት። ዕድሜዬም ይፈቅድልኛል። ዓመታት ቦቴ ነድቻለሁ፣ ቤንዚን ከዲፖ ወደ ማደያ ሳመላልስ ነው የሸበትኩት።

የአባትህ ትዝታ ውሸት አይደለም። በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ የድፍድፍ ዋጋ ጨርሶ አይነቃነቅም ነበር ማለት ይቻላል። በርሜሉ ለብዙ ዓመት ከ2 ዶላር በታች ነበር። ዋጋውን የሚቆርጡት ጥቂት ትላልቅ ኩባንያዎች ናቸው። አምራች አገሮቹ የሚደርሳቸው ጥቂት ነበር። በዚህ ተበሳጭተው ነው በ1960 ኢራን፣ ኢራቅ፣ ኩዌት፣ ሳዑዲ አረቢያና ቬኔዝዌላ ባግዳድ ላይ ተሰብስበው የነዳጅ ላኪ አገሮችን ማኅበር፣ ኦፔክን ያቋቋሙት። ለአሥር ዓመት ያህል የሰማቸው አልነበረም።

ከዚያ ጥቅምት 1973 መጣ። የአረብና የእስራኤል ጦርነት ተነሳ። የአረብ አምራች አገሮች ምርት ቀነሱ፣ ለአሜሪካና ለኔዘርላንድስ ጨርሶ አንሸጥም አሉ። 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት 12 ዶላር አካባቢ ደረሰ። አራት እጥፍ! ዛሬ 5 ዶላር ሲጨምር የሚጮኸው ሰው ያንን ቢያይ ምን ይል ነበር እላለሁ። ምዕራብ ጀርመንና ኔዘርላንድስ እሑድ መኪና መንዳት ከለከሉ። አውራ ጎዳና ላይ ሰው በእግሩና በብስክሌት ሲንሸራሸር ፎቶው አለ። አሜሪካኖቹ ሰሌዳህ ጎዶሎ ከሆነ ጎዶሎ ቀን፣ ሙሉ ከሆነ ሙሉ ቀን ቅዳ ተባሉ። የፍጥነት ወሰኑንም በሰዓት 55 ማይል ላይ አሠሩት።

ያኔ ቦቴ የሚነዳ ሰው ባለሥልጣን ነበር። ማደያ ስትደርስ ሰልፈኛው ያጨበጭብልሃል። እንደዚያ የተከበርኩበት ጊዜ አልነበረም።

ሳቂታዋ፦
ጋሼ፣ ጭብጨባው ናፈቀዎት እንዴ? 😂

የቦቴ_ሰው፦
ጭብጨባውስ ይናፍቃል። ጭብጨባው ከሌለ ግን ቤንዚን አለ ማለት ነው፣ ይቅርብኝ።

ካልኩሌተር፦
ጋሼ ከተዉት ልቀጥል። በ1979 የኢራን አብዮት መጣ፣ በ1980 የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ተከተለ። በርሜሉ ከ35 ዶላር በላይ ወጣ። የ1981ዱ 1.38 ከዚህ የተወለደ ነው።

አሁን ሁሌ_ጠያቂ የጠየቀው ላይ ደረስን። ከዚያ ለምን ወረደ?

ውድ ዋጋ ራሱ ጠላቱን ፈጠረ። በርሜሉ 35 ዶላር ሲያወጣ፣ ድሮ አያዋጣም የተባለው የሰሜን ባሕር ጥልቅ ውኃ ማዋጣት ጀመረ። የአላስካ ቧንቧ በ1977 ሥራ ጀምሮ ነበር። ሜክሲኮም ምርቷን ጨመረች። በሌላ በኩል መብራት ኃይል ማመንጫዎች ዘይት ማቃጠል ትተው ወደ ድንጋይ ከሰልና ኑክሌር ዞሩ። መኪናውም ቀለለ። አሜሪካ ውስጥ በ1975 የተሸጠ አዲስ መኪና በአማካይ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነበር የሚሄደው። በአሥር ዓመት ውስጥ ይህ በብዙ ተሻሻለ።

ሳዑዲዎች ዋጋውን ለማቆየት ሲሉ ምርታቸውን ቀነሱ፣ ቀነሱ፣ ቀነሱ። በቀን 10 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ያወጡ የነበሩት በ1985 ከ3 ሚሊዮን በታች ወረዱ። ሌላው ግን እየሸጠ ነው። በመጨረሻ ታከታቸውና ቧንቧውን ከፈቱት። በ1986 አጋማሽ በርሜሉ ከ30 ዶላር አካባቢ ወደ 10 ገደማ ተንከባለለ።

የ1998ቱ ሌላ ታሪክ ነው። የእስያ አገሮች ኢኮኖሚ በ1997 ታመመ፣ ፍላጎት ቀዘቀዘ። ኦፔክ ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት የምርት ጣሪያውን ከፍ አደረገ። ከዚህ የባሰ ያልታደለ ቀን መምረጥ ይከብዳል። በርሜሉ በዓመቱ መጨረሻ 10 ዶላር ላይ ወደቀ።

ተጠራጣሪ፦
ሁላችሁም ታሪክ ታወራላችሁ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ድፍድፍ ሲጨምር ማደያው በማግሥቱ ይጨምራል። ድፍድፍ ሲቀንስ ግን «የድሮ ክምችት ነው» ይባላል። ክምችቱ ሲወደድ አዲስ፣ ሲረክስ አሮጌ የሚሆነው ለምንድነው? ይሄ ንጥቂያ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ካልኩሌተር፦
ያየኸው ነገር እውነት ነው። የኢኮኖሚ ሰዎችም ስም አውጥተውለታል፣ «ሮኬትና ላባ» ይሉታል። ሲወጣ እንደ ሮኬት፣ ሲወርድ እንደ ላባ። ከዘጠናዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በብዙ አገር ተጠንቷል፣ በብዙ ቦታም ተገኝቷል። ስሙ ላይ ነው የማልስማማው።

የማጣሪያ_ልጅ፦
እኔም ላግዝህ ተጠራጣሪ፣ ግማሽ መንገድ ድረስ። ማደያው ቤንዚን ሲሸጥ የሚያስበው ያለውን የገዛበትን አይደለም፣ የሚቀጥለውን ቦቴ የሚገዛበትን ነው። ነገ በውድ የሚሞላ ከሆነ ዛሬ በርካሽ ሸጦ ገንዘቡ አይበቃውም። ስለዚህ ወደ ላይ ሲሆን ይፈጥናል። ይሄ ይገባኛል።

ወደ ታች ሲሆን ግን ያው አመክንዮ ቶሎ እንዲቀንስ ማስገደድ ነበረበት። አያስገድደውም። ለምን? ገዢው ነዋ። ዋጋ ሲጨምር ሰው ሁሉ ይበሳጫል፣ ሦስት ማደያ ዞሮ ያወዳድራል። መቀነስ ሲጀምር «ተመስገን» ብሎ መጀመሪያ ያገኘው ጋ ይቀዳል። ሻጩም ይህን ያውቃል። እስኪነቃበት ድረስ ትንሽ ይቆያል። ንጥቂያ በለው፣ ስንፍናችን በለው፣ ድርሻው የሁለታችንም ነው።

ተጠራጣሪ፦
ስንፍናው የኔ፣ ትርፉ የነሱ። ጥሩ ክፍፍል ነው።

ሁሌ_ጠያቂ፦
እኔ ሌላ ነገር ላንሳ። በሐምሌ 2008 ድፍድፉ 147 ዶላር ድረስ ወጥቶ ነበር። በሰኔ 2022 ግን 120 አካባቢ ነበር። ታዲያ ድፍድፉ በረከሰበት ጊዜ ቤንዚኑ እንዴት ተወደደ? 5 ዶላር እኮ የሆነው በ2022 ነው።

የማጣሪያ_ልጅ፦
እሰይ! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

አንድ በርሜል 42 ጋሎን ነው፣ በሊትር 159። ስለዚህ በርሜሉ 1 ዶላር ሲጨምር በጋሎን 2.4 ሳንቲም ያህል ይጨምራል። አሁን አካፍሉ። በሐምሌ 2008 መጀመሪያ ድፍድፉ 140 ገደማ ነበር። ለ42 ሲካፈል 3 ዶላር ከ33። ቤንዚኑ 4.11 ነበር። ለማጣራት፣ ለማጓጓዝ፣ ለታክስና ለማደያው የተረፈው 80 ሳንቲም እንኳ አይሞላም።

በ2022 120 ለ42፣ 2 ዶላር ከ86። ቤንዚኑ 5። ልዩነቱ ከ2 ዶላር በላይ!

ያ ልዩነት የት ሄደ? አብዛኛው ማጣሪያ ጋ ነው የቀረው። ድፍድፍ ዘይት መኪና ውስጥ አይገባም፣ መጣራት አለበት። በኮሮና ጊዜ ሰው ቤቱ ሲቀመጥ ማጣሪያዎች ኪሳራ ላይ ወደቁ፣ አንዳንዶቹም ተዘጉ። አሜሪካ ብቻ በቀን 1 ሚሊዮን በርሜል ያህል የማጣራት አቅም አጣች። ከዚያ ሰው ከቤቱ ወጣ። የካቲት 2022 ደግሞ የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የሩሲያ ናፍጣና የተጣራ ነዳጅ በከፊል ገበያውን ለቀቀ። ድፍድፍ አለ፣ ወንፊቱ ጠፋ። በደህና ጊዜ አንድ በርሜል አጣርቶ መሸጥ 10 ወይም 20 ዶላር ልዩነት ያስገኛል። በሰኔ 2022 60 ዶላር አካባቢ ደርሶ ነበር።

ያኔ እኛ ጋ ማሽን ለአንድ ቀን ቆመ ማለት አለቃ እንቅልፍ አጣ ማለት ነበር። በየዓመቱ ለጥገና የምንዘጋውን ክፍል እንኳ «ይቆይ» ተባለ። ይሄ ነገር ደስ አይለኝም ነበር፣ ጥገና የሚቆይ ነገር አይደለም። ወደ ርዕሱ ልመለስ።

ጸጥ_ያለው፦
አንባቢ ነኝ፣ ብዙም አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ። ሁላችሁም በዶላር ነው የምታወሩት። ዩሮ ይዞ የሚቀዳ ሰው ሌላ ታሪክ ነው ያለው። በሐምሌ 2008 1 ዩሮ 1.58 ዶላር ገደማ ነበር። 140 ዶላሩ 89 ዩሮ ብቻ ነው። በሰኔ 2022 1 ዩሮ 1.05 ዶላር ነበር። 120 ዶላሩ 114 ዩሮ ሆነ። ለአሜሪካዊው ድፍድፉ ረከሰ፣ ለአውሮፓዊው ተወደደ። በርሜሉ ግን ያው አንድ በርሜል ነው። ገንዘቡ ለሚዳከምበት አገር ሰው የዓለም ዋጋ ቆሞ እንኳ ቤንዚን ይወደድበታል።

ካልኩሌተር፦
ጸጥ ያለው፣ አብዝተህ ጻፍልን እንጂ። ይሄን ረስቼው ነበር።

ሳቂታዋ፦
እኔ ግን የምወዳት ዓመት 2020 ናት። ሚያዝያ ላይ ነዳጁ ከዜሮ በታች ገብቶ የለ? ቤንዚን እየቀዱ ገንዘብ ይመርቁልን ነበር ማለት ነው። የት ነበርኩ ያን ቀን!

ካልኩሌተር፦
ቤትሽ ነበርሽ፣ ሁላችንም ቤታችን ነበርን። ችግሩም ያ ነው 😀

ግን እናርመው። ከዜሮ በታች የገባው ቤንዚን አይደለም፣ ድፍድፍም በጠቅላላው አይደለም። ሚያዝያ 20 ቀን 2020 ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም የወረደው በግንቦት ርክክብ የሚደረግበት የአሜሪካ ድፍድፍ የግዢ ውል ነው። ውሉን የያዘ ሰው ቀኑ ካለፈ ኦክላሆማ ውስጥ ኩሺንግ በሚባል ቦታ ዘይቱን መረከብ አለበት። እዚያ ያለው ታንከር ሞልቷል ወይም ተይዟል። ነጋዴው ደግሞ ቢሮ ነው ያለው፣ በርሜል የሚያስቀምጥበት ጓሮ የለውም። ውሉ የሚያበቃው በማግሥቱ ነው። «እባካችሁ ውሰዱልኝ፣ እኔ እከፍላለሁ» አለ። በዚያው ሰሞን ቤንዚኑ በአሜሪካ አማካይ 1 ዶላር ከ80 ገደማ ነበር። ታክሱ፣ ማጣሪያው፣ ቦቴው፣ የማደያው ኪራይ ዜሮ አይገቡም።

የቦቴ_ሰው፦
ቦቴው ዜሮ አይገባም፣ በደንብ ተናገርክ።

ተጠራጣሪ፦
እሺ፣ ታክስ አላችሁ። ድፍድፉ ለሁሉም አገር በዓለም ገበያ ያው ዋጋ ከሆነ፣ አንዱ አገር ላይ ሦስት እጥፍ ሌላው ላይ ውኃ የሚሆነው በታክስ ብቻ ነው?

ካልኩሌተር፦
አብዛኛው፣ አዎ። በታክስና በተቃራኒው በድጎማ። ብዙ የአውሮፓ አገሮች ላይ ከከፈልከው ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ ታክስ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ታክስ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ነው፣ ከ1993 ጀምሮ አልተነካም። ክፍለ ግዛቶቹ የየራሳቸውን ይጨምራሉ።

አንድ የማይታሰብ ነገር ደግሞ አለ። ከፍተኛ ታክስ ዋጋውን ያወፍረዋል፣ መወዛወዙን ግን ይቀንሰዋል። በምናብ እንይ። አንድ አገር ላይ ሊትሩ 2 ነው፣ 1 ታክስ፣ 0.70 ድፍድፍ፣ 0.30 ሌላው ወጪ። ሌላ አገር ታክስ የለም፣ ሊትሩ 1 ነው። ድፍድፍ እጥፍ ሲሆን የመጀመሪያው 2.70 ይሆናል፣ በመቶ 35 ጨመረ። ሁለተኛው 1.70 ሆነ፣ በመቶ 70። ስለዚህ ርካሽ የሚቀዳው ሰው ነው የበለጠ የሚንገጫገጨው።

ጸጥ_ያለው፦
ድጎማውስ? እኔ የበለጠ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ካልኩሌተር፦
ልክ ነህ። መንግሥት ዋጋውን ቆርጦ ሲያስቀምጥ ሰው ለዓመታት እፎይ ይላል። የዓለም ዋጋ ግን አይቆምም። ልዩነቱ በመንግሥት ካዝና ላይ ይጠራቀማል። አንድ ቀን ካዝናው «በቃኝ» ይላል። ያኔ አምስት ዓመት በትንሽ በትንሹ መጨመር የነበረበት ዋጋ በአንድ ሌሊት ይጨምራል።

ቬኔዝዌላ በየካቲት 1989 ቤንዚን ስትጨምር የትራንስፖርት ዋጋ ተከተለ፣ ካራካስ ላይ ብጥብጥ ተነስቶ ብዙ ሰው ሞተ። በኋላ የመጡ አንዳንድ መሪዎች ቤንዚኑን ለመንካት ፈሩ፣ ለብዙ ዓመት በነጻ ያህል ሆነ። ነዳጅ አምራቿ ናይጄሪያ በግንቦት 2023 ድጎማውን ስታነሳ ዋጋው በቀናት ውስጥ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ተጠጋ። ታክስ ሲነካም ያው ነው፣ በኅዳር 2018 ፈረንሳይ ውስጥ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ የወጣውን ሕዝብ መጀመሪያ ያስቆጣው የነዳጅ ታክስ ጭማሪ ነበር። ዳቦና ቤንዚን ላይ እጁን የሚያነሳ መንግሥት ተረጋግቶ አያድርም።

ሁሌ_ጠያቂ፦
አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ጦርነት ሲጀመር ነዳጅ ይጨምራል፣ ያንን ማወቅ ይበቃል» ይለኛል። ይሄስ?

የቦቴ_ሰው፦
ለጓደኛህ ጥር 1991ን ንገረው። ኢራቅ ኩዌትን በነሐሴ 1990 ስትወር 17 ዶላር አካባቢ የነበረው በርሜል በጥቅምት ከ40 በላይ ወጣ። ሁሉም የሚፈራው ጦርነቱ ሲጀመር የሳዑዲ ጉድጓዶች ይቃጠላሉ ብሎ ነው። ጥር 17 ቀን አውሮፕላኖቹ ባግዳድን መደብደብ ጀመሩ። በርሜሉ ጨመረ? በዚያው ቀን 10 ዶላር ያህል ወደቀ! ሲሶው ጠፋ። ሰው ዘይቱ እንደማይቋረጥ ገባው። ገበያው የሚከፍለው ለፍርሃት ነው፣ ፍርሃቱ ሲሄድ ክፍያው አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ አሜሪካና ጓደኞቿ ያከማቹትን መጠባበቂያ እንለቃለን ብለው ነበር።

ካልኩሌተር፦
የ2014ቱም ለዚያ ጓደኛ ይሆናል። ሊቢያ፣ ሶርያ፣ ኢራቅ እየታመሱ ሳለ ነው በርሜሉ ከሰኔው 115 ዶላር ተነስቶ በጥር 2016 ከ30 በታች የገባው። አሜሪካኖች የሼል ድንጋይ እየሰነጠቁ ዘይት ማውጣት ተክነው ነበር። በ2008 በቀን 5 ሚሊዮን በርሜል ያወጡ የነበሩት ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጉ። ኦፔክ በኅዳር 2014 ተሰብስቦ ምርት አልቀንስም አለ። የ1986ቱ ታሪክ በሌላ ልብስ መጣ።

የማጣሪያ_ልጅ፦
ስለ ትንንሾቹ መዋዠቆችም አንድ ቃል። በሞቃት ወራት ቤንዚን ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ጭስና ብክለት የሚቆጣጠሩ አገሮች በበጋቸው የማይተን፣ ለማዘጋጀት ውድ የሆነ ቤንዚን ያዝዛሉ። በቅዝቃዜው ቡቴን የሚባለውን ርካሽ ጋዝ ጨምረን እናወፍረዋለን። ዋጋው በየዓመቱ በጸደይ ከፍ፣ በመከር ዝቅ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ከዓለም ፖለቲካ ጋር አይገናኝም።

ሳቂታዋ፦
እና አሁን ለኔ ለተራዋ ሰው፣ ቤንዚን ተወደደ ወይስ ረከሰ? በአንድ ቃል!

ካልኩሌተር፦
በአንድ ቃል አይሆንም፣ በአንድ ስሌት ግን ይሆናል። ሊትሩን ትተሽ ኪሎ ሜትሩን አስቢ። የ1981 ጋሎን በ2022 ዶላር 4.40 ነበር ብያለሁ። የሰኔ 2022ቱ 5 ነው። ጋሎኑ ተወዷል። ግን ከሰባዎቹ አጋማሽ መኪና ጋር ብታወዳድሪ፣ የ2022 አዲስ መኪና በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ የዚያን ጊዜው እጥፍ። በዚያ አሮጌ መኪና በ1981 ዋጋ 100 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው፣ በአዲሱ መኪና በውዱ የሰኔ ዋጋ ከሄደው ሰው የበለጠ ከፍሏል።

ሳቂታዋ፦
የኔዋ መኪና የ1975ቱ ዘመድ ሳትሆን አትቀርም። ምርር ብላ ትጠጣለች።

ተጠራጣሪ፦
ካልኩሌተር፣ አዲስ መኪና የሚገዛው ማን ነው? ስሌትህ መኪናውን የምገዛበትን ገንዘብ አልቆጠረም።

ካልኩሌተር፦
አልቆጠረም። እዚህ ላይ ይዘኸኛል።

ሁሌ_ጠያቂ፦
ተመልሻለሁ። ዛሬ አባቴን ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት። 1973ን፣ 1986ን፣ የ1998ን ርካሽነት፣ ሮኬትና ላባውን፣ ሁሉን። ዝም ብሎ ሰማኝ። ጋሼ የቦቴ ሰው፣ የጭብጨባውን ነገር ስነግረው በጣም ሳቀ፣ «እውነቱን ነው» አለ።

በመጨረሻ «ታዲያ አባዬ፣ ሰልባትዮ ሞልተህ ኪስህ ያልጎደለው የቱ ዓመት ነው? ከቁጥሩ ጋር ላስተያየው» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «እናንተ ከመወለዳችሁ በፊት» አለኝ።

ካልኩሌተር፦
ለእሱ ሠንጠረዥ የለኝም።